ልጄ «ውሃው በ92 ዲግሪ ፈላ» ብላ ጻፈች፤ ዜሮ ተሰጣት። ማን ነው የተሳሳተው?

የማርታ እናት · ሰኞ፣ ማታ 2:40

እንደምን አመሻችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቶ ነው የጻፍኩት። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ልጄ ማርታ 9ኛ ክፍል ናት። የምንኖረው አምስት ኪሎ ነው። ባለፈው ሳምንት የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ተሰጣቸው። ውሃ አፍሉ፣ በየደቂቃው መጠነ ሙቀቱን መዝግቡ፣ ግራፍ ሥሩ፣ በመጨረሻ የፍሌት ነጥቡን ጻፉ ይላል። ቴርሞሜትር ከአጎቷ ተዋሰች። እኔም ማዕድ ቤት አብሬያት ቆምኩ። ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ደረሰና ቆመ። እሳቱን ጨመርን፤ ንቅንቅ አላለም። አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ አሁንም 92 ነው።

«እማዬ፣ መጽሐፉ እኮ 100 ነው የሚለው» አለችኝ። «አንቺ ያየሽውን ጻፊ» አልኳት። ጻፈች። ዓርብ ዕለት ደብተሩ ሲመለስ በቀይ ተሰርዞ «ስህተት፤ 100» ተብሎበታል። ከ10 ዜሮ። ከክፍሏ ልጆች ብዙዎቹ 100 ብለው ጽፈው ሙሉ አግኝተዋል። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ቴርሞሜትር እንኳ አልነበራትም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኬሚስትሪ የተማርኩት ድሮ ነው። ዜሮው አይደለም ያመመኝ። ማታ ስንተኛ «ከእንግዲህ መጀመሪያ መጽሐፉን አይቼ ነው የምለካው» አለችኝ። እሱ ነው ያመመኝ። የምታውቁ ንገሩኝ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው? እኛ ያጠፋነው ነገር አለ?

ቢኒ 12ኛ ክፍል · ሰኞ፣ ማታ 2:58

እትዬ፣ ለፈተና ከሆነ 100 ብላ ትጻፍ። ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነው። እኔም 9ኛ ክፍል እያለሁ ይህንኑ ሙከራ ሠርተን ነበር። የእኛ ቡድን 93 አገኘ። ተነጋገርንና 100 ብለን ጻፍን። ሙሉ ማርክ አገኘን። እስከ ዛሬ የእኛ ቴርሞሜትር የተበላሸ ነው የሚመስለኝ። አሁን የእናንተን ሳነብ ግን ተጠራጠርኩ።

ጡረተኛው መምህር · ሰኞ፣ ማታ 3:35

የማርታ እናት፣ ልጅዎ አልተሳሳተችም። እርስዎም ያጠፉት የለም። አራት ኪሎ አካባቢ ለ31 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ልጅ 100 አገኘሁ ቢለኝ ነው የምጠራጠረው።

ምክንያቱ አየሩ ነው። በላያችን ያለው አየር ክብደት አለው። ባሕር ጠረፍ ላይ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ገደማ ይጫናል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው። ይህን ያህል አየር ከበታችን ቀርቷል። ስለዚህ እኛ ላይ የሚጫነው የዚያ ሦስት አራተኛው ብቻ ነው።

አሁን ድስቱ ውስጥ እንግባ። ውሃ ሲሞቅ ሞሎኪውሎቹ ይፈጥናሉ። በውሃው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ሊፈጠር ይሞክራል። የአየሩ ግፊት ግን ይደፈጥጠዋል። ሙቀቱ ሲጨምር የእንፋሎቱ ግፊትም እየበረታ ይሄዳል። የአየሩን ግፊት ሲስተካከል አረፋው መደፍጠጡ ያበቃል። ያድጋል፤ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይፈነዳል። ፍሌት የምንለው ይህን ነው። ግፊት ባነሰበት ቦታ አረፋው ቶሎ ያሸንፋል፤ ውሃው ገና 92 እያለ ይንተከተካል ማለት ነው።

መጽሐፉም አልዋሸም። 100 የሚለው በባሕር ወለል ግፊት፣ በአንድ አትሞስፌር፣ ስንለካ ነው። ያቺን ቅድመ ሁኔታ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ጽፈው ያልፏታል። ልጆች ቁጥሩን ይይዛሉ፤ መስመሯን ይረሳሉ። አንዳንዴ መምህራንም እንረሳታለን።

እንደ ግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ነው። ድሬዳዋ 96 ገደማ፣ ባሕር ዳር 94 ገደማ። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ውሃ ብታፈሉ 85 ላይ ይፈላል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ እዚያ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። ድሮ ተጓዦች የተራራ ከፍታ የሚለኩት እንዲህ ነበር። ውሃ ያፈላሉ፤ ቴርሞሜትሩን ያነባሉ፤ ከፍታውን ያሰላሉ። ማርታ በአንድ ድስት ውሃ የአምስት ኪሎን ከፍታ ለክታለች።

የማርታ እናት · ሰኞ፣ ማታ 3:50

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማርታ አጠገቤ ሆና አንብባዋለች። ሁለት ጥያቄ አላት። አንደኛ፣ እሳቱን ስንጨምር ለምን ቴርሞሜትሩ አልጨመረም? ሁለተኛ፣ አረፋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ጓደኛዋ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው ብላታለች።

ጡረተኛው መምህር · ሰኞ፣ ማታ 4:20

ጥሩ ጥያቄ ነው ማርታዬ።

ከሁለተኛው ልጀምር። ውሃው ገና ለብ ሲል ድስቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ አረፋዎች አየር ናቸው። ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ነው፤ ሲሞቅ ይወጣል። በኋላ ሲንተከተክ የሚመጡት ትልልቅ አረፋዎች ግን ራሱ ውሃ ናቸው። ጋዝ የሆነ ውሃ። ሞሎኪውሉ አልተሰበረም፤ ሞሎኪውሎቹ ተራራቁ እንጂ። ለዚህ ነው ፍሌት አካላዊ ለውጥ የሚባለው። የድስቱን ክዳን ስትከፍቺ የሚንጠባጠበው ያው ውሃ ነው። ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመለያየት ሌላ ሥራ ይጠይቃል፤ ለምሳሌ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ። እሱ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። አረፋው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ቢሆን ኖሮ ማዕድ ቤት ውስጥ ክብሪት መጫር ባልተቻለ ነበር።

ወደ አንደኛው ስንመጣ፣ ሙቀትና መጠነ ሙቀት አንድ አይደሉም። ሙቀት ከእሳቱ ወደ ውሃው የሚገባው ኃይል ነው። መጠነ ሙቀት ቴርሞሜትሩ ላይ የሚነበበው ነው። ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ የሚገባው ኃይል ሞሎኪውሎቹን ለማላቀቅ ይውላል፤ ለማፍጠን አይተርፍም። በቁጥር እንየው። አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 300 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ግን ወደ 2,280 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ከ7 እጥፍ በላይ ነው። እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከ92 አይበልጥም። የማርታ ግራፍ ላይ መጨረሻው ቀጥ ያለ አግድም መስመር ከሆነ፣ ከሙከራው ሁሉ ዋናው ነገር እሱ ነው። ዜሮ የሰጠው ሰው ያንን መስመር ቢያየው ደስ ባለኝ።

የድሬዋ ልጅ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15

ይህን ክር ሌሊቱን ነው ያነበብኩት። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። የመጣሁት ከድሬዳዋ ነው። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ቦሎቄና ሽምብራ አልበስል ብሎ አስለቅሶኛል። ድሬ በለመድኩት ሰዓት ሳወጣው ጥሬ ነው። እህሉ አሮጌ ነው ብዬ ሁለት ነጋዴ ቀየርኩ። ከሰሉን ወቀስኩ። ውሃውን ወቀስኩ። እሳት ጨመርኩ። ለካስ እሳቱ ውሃውን እየጨረሰ ነበር እንጂ ምግቡን አላሞቀውም!

መምህር፣ አራት ዲግሪ እንዲህ ያህል ልዩነት ያመጣል እንዴ?

ጡረተኛው መምህር · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:05

ያመጣል እህቴ። ምግብ መብሰል ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ውሃው ሲፈላ ያየነው አካላዊ ነበር፤ ሽምብራው ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የሽምብራው ስታርች ያብጣል፤ ፕሮቲኑ ይለወጣል፤ ሴሎቹን ያጣበቀው ነገር ይላላል። ተመልሶ ጥሬ ሽምብራ አይሆንም። የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ደግሞ ከመጠነ ሙቀት ጋር በጣም ይያያዛል። አስር ዲግሪ ሲቀንስ ብዙ ለውጦች በግማሽ ያህል ይዘገያሉ። አራት ዲግሪም ሰዓት ላይ ይታያል። ሽምብራው ተነክሮ ካደረ ትንሽ ይረዳል።

ፕሬዠር ድስት የተፈለሰፈው ለዚሁ ነው። እንፋሎቱ እንዳይወጣ ይዘጋበታል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ውሃው ሳይፈላ ይሞቃል። ባሕር ጠረፍ ላይ ወደ 120 ዲግሪ የሚደርስ ድስት፣ እኛ ጋ ከዝቅተኛ ግፊት ስለሚነሳ ወደ 115 ይደርሳል። እሱም ቢሆን ከ92 ጋር አይወዳደርም። አንድ ነገር ግን አደራ። እንፋሎቱ ሳይተነፍስ በጉልበት አትክፈቺው። ውስጥ ያለው ውሃ ከ92 በላይ ነው። ክዳኑ በተነሳበት ቅጽበት ግፊቱ ይወርድና ሁሉም በአንዴ ይፈላል። ሰው የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ፍሪጅ ጠጋኙ · ማክሰኞ፣ ቀን 7:10

ስታዲየም አካባቢ ፍሪጅ እጠግናለሁ። መምህሩ ያሉት ነገር የእኔ እንጀራ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ በተራ የአየር ግፊት ቢለቀቅ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ዓይነት አለ። ኮምፕሬሰሩ በአንድ በኩል ግፊት ይጨምራል፤ ጋዙ ፈሳሽ ይሆናል፤ ሙቀቱን ከኋላ ባለው ጥቁር ፍርግርግ በኩል ይጥላል። በሌላ በኩል ግፊቱ ይወርዳል፤ ፈሳሹ በብርድ ይፈላል። ለመፍላት ሙቀት ስለሚያስፈልገው ከውስጥ ካለው ምግብ ይወስዳል። ፍሪጅ ማለት ይኸው ነው። የሚፈላ ነገር ሁሉ ትኩስ አይደለም።

አሁን ወደ ማርታ። ቴርሞሜትሩን እንዴት እንደምታምኑት ልንገራችሁ። እኔ ሥራ ላይ የማደርገው ነው። በረዶ አድቅቁ፤ ብርጭቆ ሙሉ አድርጉት፤ በረዶው መሃል ያለውን ክፍተት እስኪሞላ ትንሽ ውሃ ጨምሩ። አማስሉት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ቴርሞሜትሩን መሃል ላይ ክተቱት። ዜሮ ካነበበ ደህና ነው። ሁለት ካነበበ ሁሉንም ንባብ በሁለት ቀንሱት። ሌላም አለ። ስታፈሉ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ሥር መንካት የለበትም፤ ሥሩ ከውሃው ይበልጥ ይግላል።

ሶስና · ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

እናቴ ሁልጊዜ ጨው ጨምሪበት፣ ቶሎ ይፈላል ትለኛለች። እውነት ነው?

ቢኒ 12ኛ ክፍል · ማክሰኞ፣ ማታ 1:52

ይህቺን እኔ ልመልሳት፤ ተምረናታል። ተቃራኒው ነው። ጨው የፍሌት ነጥብን ከፍ ያደርጋል። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ ሶዲየምና ክሎራይድ አዮኖች ይለያያል። እነሱ መሃል ሲገቡ ውሃው ወደ እንፋሎት ለመውጣት ይከብደዋል። ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። አሁን አሰላሁት። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 18 ግራም ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው፣ 0.3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይጨምራል። ለጣዕም ትጨምር፤ ለመፍላቱ ለውጥ የለውም።

ጡረተኛው መምህር · ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

ቢኒ፣ ስሌትህ ትክክል ነው። ጎበዝ።

የማርታ እናት · ረቡዕ፣ ማታ 2:15

ዛሬ ሠራነው። በረዶው ውስጥ ቴርሞሜትሩ ዜሮን ነካ። ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ማርታ ዓይኗን ከመስመሩ ጋር ትክክል አድርጋ ስታነበው ግን ዜሮ ነው። ወዲያው ውሃ አፈላን። ጫፉ ሥሩን እንዳይነካ በክር አንጠለጠልነው። 92። ሦስት ጊዜ ደገምነው። 92፣ 92፣ 92።

አቃቂ · ረቡዕ፣ ማታ 3:00

እኔም ጓጉቼ ከጎረቤት ቴርሞሜትር ተዋስኩ። መጀመሪያ በበረዶ ፈተሽኩት፤ ዜሮ ነው። አቃቂ ቤቴ ውስጥ ውሃው በ93 ፈላ። እዚህ ከመሃል ከተማ ዝቅ ይላል። ሊሆን ይችላል አይደል?

ጡረተኛው መምህር · ረቡዕ፣ ማታ 3:12

ሊሆን ብቻ ሳይሆን መሆንም ያለበት እሱ ነው። አቃቂ ከአምስት ኪሎ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አንድ ዲግሪ። አሁን የቀረን ከላይ ነው።

ሶስና · ሐሙስ፣ ማታ 12:40

አክስቴ የምትኖረው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቴርሞሜትር ይዤ ሄድኩ። በረዶ ከታች በፌስታል ይዤ ወጣሁ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ቀለጠ፤ የቀረው ግን በቃኝ። ዜሮ። ከዚያ በአክስቴ ምድጃ ላይ አፈላን። 90 ላይ ቆመ። አክስቴ ቡናዋን እያፈላች «እኔ ቤት ቡና ለምን ቶሎ እንደሚገነፍል አሁን ገባኝ» አለች። እኔ ግን በጣም ነው የደነቀኝ። አንድ ከተማ ውስጥ በሦስት ቤት ሦስት የተለያየ ቁጥር፤ ሦስቱም ትክክል።

ቢኒ 12ኛ ክፍል · ሐሙስ፣ ማታ 1:20

የዚያን ጊዜ 93 ያገኘነው እኛ ልክ ነበርን ማለት ነው። ሰርዘን 100 ያልነው ነው ስህተቱ። ግን መምህር፣ እውነቱን ለመናገር ፈተና ላይ «የውሃ የፍሌት ነጥብ ስንት ነው» ቢለኝ ምን ልመልስ?

ጡረተኛው መምህር · ሐሙስ፣ ማታ 1:45

ምንም ካልተባለ 100 በል። «በአንድ አትሞስፌር» ብለህ ጨምርበት፤ ማንም አይሰርዝብህም። «ለካችሁ ያገኛችሁትን ጻፉ» ከተባልክ ግን ያገኘኸውን ነው የምትጽፈው። ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ናቸው። የማርታ የቤት ሥራ ሁለተኛው ነበር።

ስሙን በየቀኑ የምንጠራው ሴልሺየስ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። አንደርስ ሴልሺየስ ስዊድናዊ የሥነ ፈለክ ሰው ነው። መለኪያውን በ1742 እንደ ፈረንጆቹ ሲያቀርብ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ እንደማይዋዥቅ፣ ውሃ የሚፈላበት ግን ከአየር ግፊት ጋር እንደሚቀያየር ጽፏል። ስለዚህ የፍሌቱን ነጥብ ከተወሰነ የአየር ግፊት ጋር አሠረው። የሚገርመው፣ መጀመሪያ ላይ ዜሮ ያለው ፍሌቱን ነበር፤ 100 ያለው ደግሞ በረዶውን። የተገለበጠው በኋላ ነው። 100 ቁጥሯ ሰዎች ተስማምተው ያስቀመጧት ናት። የማርታ 92 ግን ከአምስት ኪሎ አየር የመጣ ነው።

የማርታ እናት · ዓርብ፣ ማታ 2:30

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልጣላ አልሄድኩም። የማርታን ግራፍ፣ የበረዶውን ንባብ፣ ከዚህ የገለበጥኳቸውን የአቃቂና የእንጦጦ ቁጥሮች ይዤ ሄድኩ። መምህሩ ወጣት ነው። ዝም ብሎ አነበበው። ላብራቶሪያቸው ውስጥ የሚሠራ ቴርሞሜትር እንደሌለና 60 ደብተር በአንድ ማታ እንደሚያርም ነገረኝ። ቅር ብሎኝ ነበር የሄድኩት፤ ይህን ስሰማ ልቤ ራራ። ማርኩን ገና አልቀየረውም። ማክሰኞ ግን የአጎቷን ቴርሞሜትር ይዛ እንድትመጣ፣ በክፍል ውስጥ ሁሉም እያዩ እንደሚያፈሉ ነግሯታል። በረዶውን እኔ እገዛለሁ።

ማርታ በራሷ መጻፍ ትፈልጋለች። ስልኩን ሰጥቻታለሁ።

የማርታ እናት · ዓርብ፣ ማታ 2:44

ማርታ ነኝ። ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ፍሌቱ ከቦታ ቦታ ተቀያየረ። አምስት ኪሎ 92፣ አቃቂ 93፣ እንጦጦ 90። በረዶው ግን ሦስቱም ቦታ ዜሮ ነው። የአየሩ ግፊት የሚሠራ ከሆነ በረዶውንስ ለምን አይቀይረውም?

ጡረተኛው መምህር · ዓርብ፣ ማታ 3:10

ማርታዬ፣ በ31 ዓመት ይህን የጠየቁኝ ተማሪዎች ጥቂት ናቸው።

ነገሩ ያለው በይዘት ለውጥ ላይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አዲስ አበባ ላይ እንፋሎት ሲሆን ከ2,000 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ያን ሁሉ ቦታ የሚያገኘው አየሩን ገፍቶ ነው። ስለዚህ አየሩ ምን ያህል እንደሚጫን በጣም ይገደዋል። በረዶ ውሃ ሲሆን ግን ይዘቱ ብዙ አይቀየርም። እንዲያውም በ8 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ሲቀመጥ የሚያብጠው ለዚህ ነው። የሚገፋው ነገር ስለሌለ የአየሩ ግፊት ቢበዛም ቢያንስም ያን ያህል አይነካውም።

የማርታ እናት · ዓርብ፣ ማታ 3:21

እሺ ጋሼ። በረዶው ሲቀልጥ የሚጠብ ከሆነ ግን፣ በጣም ቢጫኑት መቅለጥ ይቀለዋል ማለት ነው? ከዜሮ በታች እያለም ይቀልጣል?

ጡረተኛው መምህር · ዓርብ፣ ማታ 3:26

አዎ። ይቀልጣል። ግን አንድ ዲግሪ ዝቅ ለማድረግ ወደ 130 አትሞስፌር ግፊት ያስፈልግሻል።